ዕጣ እስኪወጣ ብር ይሟሟል

በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ምዝገባ ስትከፍት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ባንክ በር ላይ ተሰለፉ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ በ20/80 ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ይቆጥባል፣ ቀሪው 80 በመቶ የረጅም ጊዜ ብድር ይሆናል። 10/90 ለዝቅተኛ ገቢ፣ 40/60 ደግሞ የተሻለ አቅም ላላቸው ተዘጋጀ።

የቤቱ ቁጥር ግን ከተመዝጋቢው ብዛት ጋር ስላልተመጣጠነ በዕጣ ይታደል ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ የመረጃ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰረዘ። ዓመታት የጠበቁ ቆጣቢዎች ልብ ተሰበረ፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር።

ለወጣቱ ከዚህ የሚከፋው የብር መሟሟት ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ያገኛል፤ ያን ጊዜ 100 ብር የነበረው ዕቃ ግን 130 ገብቷል። ቆጣቢው ስላላባከነ ብቻ አልተጠበቀም።

ብዙዎች ወደ ዕቁብ የሚያዘነብሉትም ለዚህ ነው። ወለድ የለውም፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ማንም ጓደኞቹን ስለሚያፍር መክፈል አያቆምም። ሆኖም ግሽበት ባለበት ቀድሞ የደረሰው ይጠቀማል፣ መጨረሻ የሚወስደው ይጎዳል። ስለዚህ ብሩ እንደደረሰ ለቤት ቅድመ ክፍያ ወይም ለሥራ መነሻ ማዋል ይሻላል።

ለተከራዮች ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጥሩ እፎይታ ይሰጣል፦ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም።