የማይታየው አካል የሚታየውን ስለ መግዛቱ

የሌሊቱን ሰማይ የሚመለከት ሰው ከዋክብቱን ያደንቃል እንጂ ከዋክብት የሚወለዱበትን ጋዝ አያስብም። ዳሩ ግን ጋላክሲ የሚባለው የከዋክብት ጭፍራ ጋዙ ካለቀበት አዲስ ኮከብ አይወለድለትም፤ ያለው ሁሉ እያረጀ ይሄዳል። ስለዚህ ጋዙን የሚሰበስበውና የሚጠብቀው ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓመት ስዊሳዊው ሊቅ ፍሪትዝ ዝቪኪ ኮማ የሚባለውን የጋላክሲዎች ጉባኤ ሲመረምር፣ የሚታየው አካል ብቻውን እነዚያን ፈጣኖች አስሮ ሊይዛቸው እንደማይችል አስታወቀ። ነገሩ ብዙ ዘመን ቸል ተብሎ ቈየ። በ1970 ግን ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ አንድሮሜዳን መርምረው፣ ከመካከሉ የራቀው ጋዝ ፍጥነቱ እንደ ታሰበው እንደማይቀንስ አሳዩ። የስበት ሕግ ራሱ ይታረም የሚሉ ጥቂቶች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት ጋላክሲን ሁሉ ስውር ቁስ እንደ ድባብ ከቦታል ይላሉ፤ እነርሱም ሐሎ ይሉታል። ስውሩ ቁስ በዓለም ሁሉ ሲመዘን ከሚታወቀው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ምንነቱ ሳይታወቅ ሥራው ቀድሞ መታወቁ የሚያስገርም ነው።

ሥራውም እንዲህ ነው። ድባቡ ትንሽ ሲሆን ስበቱ ይደክማልና የጥንቶቹ ከዋክብት ጨረር ያሞቀውን ጋዝ ሊያግድ አይችልም፤ ኮከብም በፈነዳ ጊዜ የቀረውን ጠርጎ ያወጣበታል። እጅግ ሲከብድ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚወድቀው ጋዝ በኃይል ተጋጭቶ ሚሊዮን ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል፤ የጋለውም ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ በዙሪያው ተንሳፎ ይቀራል እንጂ ኮከብ አይሆንም። ጋዝ በብዛት ወደ ኮከብነት የሚለወጠው ድባቡ ከፀሐይ 1,000,000,000,000 እጥፍ ያህል ሲከብድ ነው፤ የእኛም ፍኖተ ሐሊብ በዚሁ ልክ አጠገብ ይገኛል።

ከዚህም ሌላ ታላቁ ድባብ በዙሪያው የሚዞሩትን ታናናሾች ይገፍፋቸዋል፤ በውስጡ የተንሳፈፈው ትኩስ ጋዝ ሲያልፉበት እንደ ነፋስ ይመታቸዋልና። ድራኮና ኡርሳ ሚኖር የተባሉት የፍኖተ ሐሊብ ተከታዮች ቢፈተሹ የረባ ጋዝ አልተገኘባቸውም። በ2007 የታወቀችው ሊዮ ቲ ግን ከእነርሱ የማትበልጥ ሳለች፣ 1,400,000 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ ስለምትኖር ጋዟን እስከ ዛሬ ይዛለች። ሁለቱ የማጌላን ደመናዎች ቅርብ ሆነው ሳሉ በግዝፈታቸው ብርታት ገና አልተራቈቱም፤ ነገር ግን በራዲዮ መሣሪያ ሲታዩ ረጅም የሃይድሮጅን ጅረት ከኋላቸው ይፈሳል።