«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ ከለውጥ በፊትና በኋላ የሚደረግ የስዊች ቆጠራ

እሸት ቡና አያድርም። በጌዴኦ ዞን ከዲላ ከተማ ብዙም በማይርቀው በጪጩም ሆነ በወናጎና በይርጋ ጨፌ፣ ቀይ የቡና ፍሬ በተለቀመበት ዕለት ወደ መፈልፈያው ካልገባ መብላላት ይጀምራል፤ ጥራቱ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለሆነም በለቀማው ወቅት ነጋዴው ገንዘቡን የሚፈልገው በዕለቱ ነው። ገበሬው ፍሬውን አስመዝኖ ሒሳቡን ይጠብቃል። ነጋዴው ወደ ባንክ ይሮጣል። በመስኮቱ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ከፋይ ግን «ሲስተም የለም» ትለዋለች። ይህች የሁለት ቃል መልስ በአገራችን ስንት ግብይት እንዳሰናከለች የቆጠረ የለም።

ሲስተም የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። መብራት ይጠፋል፤ በመንገድ ሥራ የፋይበር መስመር ይቆረጣል። እምብዛም የማይነገርለት ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ ይኸውም የኔትዎርኩ ባለቤት ራሱ ሌሊት ላይ ያደረገው ማስተካከያ ነው። ማታ ይሠራ የነበረው፣ ሌሊት «የተሻሻለው»፣ ጠዋት አልሠራ ይላል።

ማሻሻያ ያልታሰበ ነገር ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ዲላ ከሩቅ የሰማችው ወሬ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረው ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ላይ ወጪ ማድረግና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በፍጥነት ተሠራጨ፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚያ ሌሊት ገንዘብ ካወጡት መካከል እንደነበሩ በወቅቱ ተዘግቧል። ባንኩ አገልግሎቱን ለመዝጋት ሰዓታት ፈጅቶበታል። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በሰጡት መግለጫ በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ፣ በገንዘብ ሲተመን 2.4 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚሆን ግብይት መካሄዱን መግለጻቸው ይታወሳል፤ ከዚህ ውስጥ ትክክለኛ የነበረው ግብይትም ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ችግሩ በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ፍተሻና ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል።

ያ ችግር የባንኩ የሒሳብ ሲስተም እንጂ የኔትዎርክ ስዊች ጉዳይ አልነበረም። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከለውጡ በፊት የነበረው ሁኔታ በጽሑፍ ተይዟል ወይ? ከለውጡ በኋላ ካለው ጋር አስተያይቶ «ይህ የታሰበ ነው፤ ይህ ያልታሰበ ነው» ያለ አለ ወይ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሁሉ የሚቀልለው ቦታ ደግሞ ስዊቹ ነው።

ለመሆኑ ስዊች ምንድን ነው? (የባንኮችን ኤቲኤም እርስ በርስ ከሚያገናኘው ከኢትስዊች ኩባንያ ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ የምንናገረው ስለ መሣሪያው ነው።) በየቅርንጫፉ ከግድግዳ በተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም የሚሉት፣ ኮምፒዩተሮቹም፣ ማተሚያውም፣ ኤቲኤሙም የሚሰኩበት ዕቃ ነው።

ለምሳሌ ያህል ጪጩ ውስጥ ባለ 24 ፖርት ስዊች ያለው አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አለ እንበል። በፖርት 1 ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያደርሰው ራውተር ተሰክቷል። ከ2 እስከ 9 የከፋዮቹ ኮምፒዩተሮች፣ በ10 የሥራ አስኪያጁ፣ በ11 ማተሚያው፣ በ12 የጥበቃ ካሜራው፣ በ18 ደግሞ ኤቲኤሙ አሉ፤ በድምሩ 13 መሣሪያዎች መሆናቸው ነው። በስዊቹ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ግድግዳዎች ይሠራሉ፤ ባለሙያዎቹ ቪላን ይሏቸዋል። ከፋዮቹ በቪላን 20፣ ኤቲኤሙ በቪላን 30 ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ይህም አንዱ የሌላውን ጓዳ እንዳያይ ነው። የሌሊቱ ሥራ አንዲት ብቻ ናት። ከከፋዮቹ ጋር በአንድ ግድግዳ ውስጥ የቆየውን የጥበቃ ካሜራ ወደ ቪላን 40 መለየት።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ለአንድ ካሜራ ሲባል ሰው አይላክም። ባለሙያው አዲስ አበባ ተቀምጦ በመስመር ይገባል፤ ያስተካክላል፤ ከዚያም ራውተሩን ጠርቶ መልስ ያገኛል። «ተሳክቷል» ብሎ ጽፎ ይተኛል። ሆኖም ትእዛዙን ሲገለብጥ ፖርት 18ንም ነክቶት ኤቲኤሙ ወደ ቪላን 1 ተዛውሯል። ኬብሉ ደህና ነው፤ መብራቱም አረንጓዴ ነው። ኤቲኤሙ ግን በማይገባው ግድግዳ ውስጥ ስለሆነ ባንኩን ማግኘት አይችልም። ይባስ ብሎ የፖርት 1 ፍጥነት ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ወርዷል፤ መላክና መቀበልንም በአንድ ጊዜ አይችልም። መንገዱ አልተዘጋም፤ ባለ ሁለት መስመሩ አስፋልት ግን በተራ የሚታለፍበት ጠባብ ድልድይ ሆኗል። ራውተሩ ሌሊት ሲጠሩት ወዲያው ይመልሳል። መጨናነቁ የሚታወቀው ስምንቱም ከፋዮች ሥራ ሲጀምሩ ነው።

ይህን ስሕተት ቀድሞ ለመያዝ የሚያገለግለው ዘዴ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። መጋዘን ሲረከብ ማንም ነጋዴ በሩ በመዘጋቱ ብቻ አይፈርምም። በፊት የነበረው ይቆጠራል፤ በኋላ ያለው ይቆጠራል፤ የገባና የወጣው ይመዘገባል፤ ከዚህ ውጭ የጎደለ ካለ ንብረት ክፍሉ ይጠየቃል። ስዊችም እንዲሁ ይቆጠራል። የሚቆጠረው የትኛው ፖርት እንደሚሠራና በምን ፍጥነት እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቪላን እንዳለ፣ ከጎኑ የተገናኘው መሣሪያ ማን እንደሆነ፣ በየፖርቱ የታየው የማክ አድራሻ፣ ማለትም ፋብሪካው ለያንዳንዱ መሣሪያ የሚሰጠው መለያ ቁጥር፣ እንዲሁም የተበላሸ መረጃ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው በእጁ ልቆጥር ቢል ለአንድ ስዊች እንኳ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ለሁለትና ለሦስት መቶ ቅርንጫፍ ሲሆን የማይታሰብ ነው። ፓይተን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፓይተን የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን ስሙን ያገኘው ከእባቡ ሳይሆን ሞንቲ ፓይተን ከሚባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ነው። በዚህ ቋንቋ የተጻፈች አጭር ፕሮግራም የስዊቾቹን ዝርዝር ይዛ አንድ በአንድ በምስጢራዊ መስመር ትገባለች፤ «ያለህበትን ሁኔታ አሳይ» የሚሉ ትእዛዞችን ትሰጣለች፤ መልሱን ቀንና ሰዓት ጽፋ በፋይል ታስቀምጣለች። ከለውጡ በኋላ ያንኑ ትደግምና ሁለቱን ታስተያያለች። ለዚህ የሚረዱት እንደ ኔትሚኮና ናፓልም ያሉት መሣሪያዎች በነጻ ይገኛሉ፤ ሲስኮ ኩባንያ ለራሱ ፍተሻ የሠራውን ፓይ ኤ ቲ ኤስንም ለሕዝብ በነጻ ለቅቆታል።

ሥራው ቀላል መስሎ የሚያሳስተው ማስተያየቱ ላይ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች እንዳሉ ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ልዩነቱ በመቶ የሚቆጠር መስመር ይሆናል። ስዊቹ ከተነሣ ጀምሮ የቆየበት ሰዓት ተቀይሯል፤ ያስተላለፈው መረጃ ብዛት ጨምሯል፤ አንዱም ግን ብልሽት አይደለም። ያን ሁሉ ማንበብ የሰለቸው ባለሙያ ዋናዋን መስመር ይዘልላታል። በመሆኑም ደህና ፕሮግራም ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ሠንጠረዥ ይለውጠዋል፤ ሁልጊዜ የሚቀያየሩትን ያወጣል፤ ከዚያ ፖርትን ከፖርት፣ ቪላንን ከቪላን ያስተያያል። ባለሙያው አስቀድሞ የታሰበውን ለውጥ ስለሚያስመዘግብ፣ በምሳሌያችን የሚወጣው ሪፖርት ከአራት መስመር አይበልጥም። ፖርት 12 ከቪላን 20 ወደ 40፣ በዕቅዱ ያለ። ፖርት 18 ከቪላን 30 ወደ 1፣ ያልታሰበ። የኤቲኤሙ አድራሻ በቪላን 30 የለም፣ በቪላን 1 ታይቷል። ፖርት 1 ከ1000 ወደ 100፣ ያልታሰበ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይህ የደረሰው ሰው ከመተኛቱ በፊት ያስተካክለዋል።

የቆጠራው ሰዓትም ራሱን የቻለ ብልሃት ይጠይቃል። ብዙ ስዊቾች ዝም ያለን መሣሪያ አድራሻ ከ5 ደቂቃ በኋላ ከመዝገባቸው ይሰርዛሉ። የመጀመሪያው ቆጠራ በሥራ ሰዓት፣ ሁለተኛው ኮምፒዩተሮቹ ጠፍተው ሌሊት ቢደረግ፣ 13 የነበረው አድራሻ 4 ሆኖ ይገኝና ያለ ምክንያት ድንጋጤ ይፈጠራል። ስለዚህ ከለውጡ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሥራ ሰዓትና ለውጡ ሊጀመር ሲል ይቆጠራል፤ ከለውጡ በኋላም ሌሊቱን አንዴ፣ ጠዋት ሥራ ሲጀመር አንዴ ይደገማል። ሌሊት የሚጠየቁት ፈጽሞ የማይጠፉት፣ ራውተሩና ኤቲኤሙ ናቸው።

ለእኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚያሳስብ አንድ ነጥብ አለ። በብዙ ስዊቾች ላይ የተሰጠ ትእዛዝ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል እንጂ በቋሚነት የሚቀመጠው «አስቀምጥ» ሲባል ነው። ባለሙያው ይህን ከረሳ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ይሰነብታል። ከሳምንታት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ስዊቹ አሮጌውን ይዞ ይነሣል፤ ያን ቀን የሚወቀሰው መብራት ኃይል ነው። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ያለውንና የተቀመጠውን ካስተያየ ይህን በዚያው ሌሊት ያጋልጠዋል።

ዘዴው የራሱ ድክመት እንዳለው ግን ሊሸሸግ አይገባም። ለውጡ ባለሙያው የሚገባበትን መስመር ራሱን ከቆረጠው ፕሮግራሙም አይገባም። ስለዚህ በ10 ደቂቃ ውስጥ «አጽድቄዋለሁ» ካልተባለ ወደ ነበረበት የሚመለስ ትእዛዝ መጠቀም ያስፈልጋል፤ የጁኒፐር መሣሪያዎች ይህ አላቸው። መርማሪውም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም የጠፉት በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ሲሆን፣ ትእዛዙን ሊያግድ ይገባው የነበረው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስሕተት ነበረበት። በካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በሰባት ደረጃ የከፈለው ማሻሻያ ስድስተኛው ላይ አንድ ማጣሪያ ከራውተሮቹ ተነሣና ዋናው ኔትዎርክ በመረጃ ተጥለቀለቀ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ፤ ኢንተራክ የሚባለው የካርድ ክፍያም በመላ አገሪቱ ቆመ። የቀደሙት ደረጃዎች ያለ ችግር በማለፋቸው የሥራው የአደጋ መጠን ከ«ከፍተኛ» ወደ «ዝቅተኛ» ወርዶ እንደነበር በኋላ ተገልጿል።

በወጪ በኩል ሲታይ ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ኮምፒዩተርና ፓይተን የሚያውቅ ሠራተኛ ነው። ገበያው ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት በኔትዎርክ ላይ እየተንጠለጠለ መጥቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጩኸትና ከእጅ ምልክት ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ገብቷል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። በእነዚህ ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጎን «በዓመቱ ስንት ጊዜ አገልግሎት ተቋረጠ? ከዚያ ውስጥ በራሳችሁ ለውጥ የመጣው ስንቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስነውር አይደለም።

ኔትዎርክ ለሚያስገነባ ድርጅት ደግሞ ጉዳዩ በውሉ ይጀምራል። በተለመደው አሠራር ሻጩ መሣሪያውን ይተክላል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ርክክብ ይፈረማል፤ ክፍያው ይለቀቃል። ከዚህ ይልቅ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው የበፊቱና የበኋላው ቆጠራ ተያይዞ፣ ያልታሰበ ልዩነት አለመኖሩ ሲፈረም ነው የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። በቡና አካባቢ ሌላም አንቀጽ ሊታከልበት ይገባል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቅርንጫፉ ስዊች ላይ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ለውጥ አይደረግም፤ የግድ ከሆነም ቅዳሜ ማታ ይሁን፣ ሰኞ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት እሑድ ሙሉ ለማስተካከያ ይተርፋልና።