«ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉብኝ ነው?»
ስለ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሙከራዎች ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

ከሰፈራችን እናቶች አንዷ ከዐሱር ሶላት በኋላ አራት ገጽ ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ቤታችን መጣች። የሦስት ዓመት ልጇን ሳንባ ምች ይዞት ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወስዳው ነበር። መድኃኒቱ ተጀምሮለታል፣ ትኩሳቱም በርዷል። ሐኪሙ ግን በሁለተኛው ቀን «ጥናት አለን፤ ከባለቤትሽ ጋር አንብባችሁ ነገ ንገሩን» ብሎ ወረቀቱን ሰጣት።

«ወንድሜ፣ ወላሂ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችኝ። «ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉብኝ ነው?»

ውድ አንባብያን! ይህ ጥያቄ «አይ፣ አትፍሪ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን አብረን አነበብነው።

ጥናቱ አዲስ መድኃኒት የሚሞክር አልነበረም። ሁሉም ሕፃናት የታወቀውን መድኃኒት ሦስት ቀን ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ግማሾቹ እስከ አምስተኛው ቀን ይቀጥላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ በቀሩት ሁለት ቀናት መልኩም ጣዕሙም መድኃኒቱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ሽሮፕ ይሰጣቸዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር በሐኪሞች ቋንቋ ፕላሲቦ ይባላል። ማን የትኛው እንደደረሰው ወላጅም ሐኪምም አያውቅም፤ የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ክፍል ብቻ ነው። የተፈለገው ሦስት ቀን ይበቃ እንደሆነ ማወቅ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ጉንፋን የያዘው ሰው ዳማከሴ ቢጠጣም፣ መርፌ ቢወጋም፣ ምንም ሳይወስድ ቢተኛም በሳምንቱ ይለቀዋል። ታዲያ ያዳነው የትኛው ነው? ሽፋእ ከአላህ (ሱ.ወ) መሆኑን የምናምን ሰዎች ሰበቡን እንድንፈልግም ታዘናል። ትክክለኛውን ሰበብ ከተሳሳተው ለመለየት ደግሞ አንድ መንገድ አለ፤ ተመሳሳይ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ብቻ አክሞ፣ ውጤቱን ማነጻጸር።

ይህን መንገድ ምዕራባውያን ብቻ የፈለሰፉት የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። ከሺህ ዓመት በፊት በረይና በባግዳድ ያከም የነበረው አቡበክር አል-ራዚ የአንጎል ብግነት የጀመራቸውን ሕሙማን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ዋግምት በመሰለ መንገድ ደም አስወጥቶ፣ ሌላውን ሆን ብሎ ሳይነካ ትቶ ልዩነቱን እንደተመለከተ በ«አል-ሓዊ» ጽፏል። ኢብን ሲናም «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ መድኃኒት የሚፈተንበትን ሥርዓት ሲዘረዝር፣ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየ ነገር ለሰው ማስረጃ ስለማይሆን ፈተናው በሰው ላይ መደረግ አለበት ብሏል። እርግጥ አል-ራዚ ደም ማውጣቱ ይጠቅማል ብሎ ደምድሞ ነበር፤ የዛሬ ሐኪሞች በዚህ አይስማሙም። የጎደለው አንድ ነገር ዕጣ ነው።

ሐኪም ራሱ «ይህን እዚህ፣ ያንን እዚያ» እያለ ከመረጠ፣ ሳያውቀው ጠንካሮቹን ወደ አንድ ወገን ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ምደባው በዕጣ ነው። አንዳንድ ወንድሞች «ዕጣ ቁማር አይደለም ወይ?» ይላሉ። አይደለም። ቁማር የሰው ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ነው። ቁርዓ ግን እኩል መብት ባላቸው መካከል ያለ አድልዎ መለየት ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲነሱ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ እንደነበር በሐዲስ የታወቀ ነው። ዕጣ ተገቢ የሚሆነው ታዲያ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በእውነት ሳይታወቅ ሲቀር ነው። እያወቁ ደካማውን መስጠት ክህደት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የትራኮማን ነገር ያጠኑ ነበር። ዕጣው የወጣው በሰው ሳይሆን በመንደር ነው። አንዳንዱ መንደር አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ወዲያው አገኘ፤ አንዳንዱ ከዓመት በኋላ እንዲያገኝ ቆየ። ዓላማው ዓይን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲታተም (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መድኃኒቱን ባገኙት መንደሮች ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የደረሰው ሞት ካላገኙት በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ለዓይን የተሰጠ መድኃኒት ነፍስ አተረፈ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የችኩል ሰው መንገድ ለሕፃን ሁሉ አዚትሮማይሲን ማደል ነበር። የዕውቀት ሰው መንገድ ግን «በድጋሚ እንየው» የሚል ነው። በዚህም መሠረት ከ2014 እስከ 2017 በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ከ1,500 በላይ መንደሮችና ወደ 190,000 የሚጠጉ፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት ተካሄደ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለአንዱ መንደር መድኃኒቱ፣ ለሌላው ፕላሲቦ ይሰጥ ነበር። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ ሞት የቀነሰው በግማሽ ሳይሆን በ13.5 በመቶ ነበር። ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም በሆነችው በኒጀር 18 በመቶ ደርሷል፤ በታንዛኒያና በማላዊ ግን ልዩነቱ በጣም አነስተኛ ነበር። የጎጃሙ ተስፋ እውነት ነበር፤ ግን ተጋንኖ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ ሲያበቃ በኒጀር ፕላሲቦ ሲወስዱ የነበሩት መንደሮችም መድኃኒቱን አገኙ። ጉዳትም ታይቷል፤ በታከሙት መንደሮች መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጀርሞች በዝተዋል። ስለዚህ ለማን ይሰጥ የሚለው ገና ያከራክራል፤ በዚያው በኒጀር የተደረገ ሌላ ጥናት በ2024 ለጨቅላዎቹ ብቻ ከመስጠት አምስት ዓመት ላልሞላቸው ሁሉ መስጠት እንደሚሻል አሳይቷል።

እስካሁን ያልነው መልካሙን ነው። ያቺ እናት የፈራችው ግን ከሜዳ የመጣ ፍርሃት አይደለም።

ከኒጀር በስተደቡብ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ካኖ የምትባል ታላቅ የሙስሊም ከተማ አለች። በ1996 የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በገባባት ጊዜ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘ አዲስ መድኃኒት በ100 ሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ለማነጻጸሪያ ሌሎች 100 ሕፃናት ነባሩን መርፌ ተወጉ። ከመጀመሪያዎቹ 5፣ ከሁለተኞቹ 6 ሞቱ፤ ከተረፉትም አካላቸው የተጎዳ ነበሩ። ኩባንያው የገደላቸው በሽታው እንጂ መድኃኒቱ አይደለም አለ፤ ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ክርክሩ መሠረት አለው። የወላጆቹ ክስ ግን ሌላ ነበር፤ «ሙከራ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ ልጆቻችንን ያከሙልን መስሎን ነበር» የሚል። ነገሩ በ2000 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ይፋ ወጣ፤ በ2009 ኩባንያው ጥፋት አላመነም ብሎ ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

ገንዘቡ ያልመለሰው አማና ነው። በ2003 የካኖ ሰዎች የፖሊዮ ክትባትን እምቢ ሲሉ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ይኸው የትሮቫን ትዝታ ነበር። ክትባቱ ለወራት ቆመ፤ ቫይረሱም ከናይጄሪያ ተነስቶ ሱዳንን አቋርጦ እኛም ዘንድ ደረሰ። በአንድ ሆስፒታል የተሰበረ እምነት በማያውቁት አገር ሕፃናትን አሽመደመደ። የሚገርመው፣ ከላይ ያነሳነውን አዚትሮማይሲን በነፃ የሚሰጠውም ይኸው ኩባንያ ነው። ያው ኩባንያ፣ ጎረቤት አገር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሕዝቡ ቀድሞ ተነግሮትና ተጠይቆ መፍቀዱ ነው።

በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1992 ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤ ይህንኑ አንስቶ፣ የሕክምና ምርምር ሙሉ አቅል ያለው ሰው ሳይገደድና በገንዘብ ሳይደለል የሚሰጠው ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ ጉዳትም እንዳያስከትል ወስኗል። እስረኛ ተገድዶ፣ ድሃ ተደልሎ ሊገባ እንደሚችል አስቦ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ እጅግ ጠንክሮ፣ ወሊይ ቢፈቅድም አይሆንም ብሎ ነበር። ዑለማዎች ከዚያ በኋላም ተወያይተውበታል፤ ምክንያቱም የአዋቂ መድኃኒት ለሕፃን የሚስማማው መጠን በአዋቂ ላይ ተጠንቶ አይታወቅም። በግሌ ክልከላውን ከመሠረቱ መረዳት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ደካማው መጠቀሚያ እንዳይሆን የታሰበ ነው። ልቡ ያልረጋ ወላጅ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ።

ለጎረቤቴ ከወረቀቱ ጀርባ ጥያቄዎች ጻፍንላት። ልጄ ባይገባ የሚያገኘው ሕክምና ምንድነው? ቢብስበት ማን፣ በየትኛው ስልክ፣ በሌሊትም ቢሆን ያየዋል? ጉዳት ቢደርስ ወጪውን ማን ይችላል? ጥናቱን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፈቅዶታል ወይ፣ ቅሬታስ ለማን ይቀርባል? መሃል ላይ ብተው ሕክምናው ይቀርበታል? የመጨረሻው መልስ «አይቀርበትም» ካልሆነ ወረቀቱን መመለስ ነው። አዋቂ ተሳታፊ ከሆነ ደግሞ የመድኃኒቱ ሰዓት ከረመዳን ጾም ጋር እንዴት እንደሚሆን፣ እንክብሉ ከምን ጀላቲን እንደተሠራ መጠየቅ ነውር የለውም። መፈረም ማለት ዕዳ መግባት አይደለም፤ ከፈረሙም በኋላ መውጣት ይቻላል።

በማግስቱ ከባለቤቷ ጋር ሄዱ። ወጣቱ ሐኪም አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጦ አስረዳቸው። ስለ ወጪው ሲጠየቅ እርግጠኛ ስላልነበረ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ደውሎ፣ መልሱ በወረቀቱ ላይ የት ገጽ እንዳለ አሳያቸው። አባትየው ይህ መልስ ከሁሉ ይበልጥ ልቡን እንዳረጋው ነገረኝ፤ የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው ነው ብሎ።

ፈረሙ። ልጁ አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ ትናንት በራችን ላይ ኳስ ሲያባርር አይቼዋለሁ። በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን የጠጣው መድኃኒት ይሁን ባዶ ሽሮፕ እናቱ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ጥናቱ ተዘግቶ መዝገቡ ሲከፈት እንዲነግሯት ስልኳን ትታለች።