የአንጋፋ ነርሶች ዝለት ከየት ይመጣል?

ሃምሳ ዓመት የተሻገረች ነርስ «ደክሞኛል» ስትል ሰሚው መልስ አያጣም፤ «ዕድሜ ነው» ይላታል። አለቃዋም ባልደረቦቿም እንደዚያ ያስባሉ፤ አንዳንዴ ራሷም ታምነዋለች። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ትመለሳለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ዝለቱ እንደነበረ ነው። ነገሩን በዕድሜ ማሳበብ ለሁሉም ይቀላል፤ ማንም አይጠየቅበትምና። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ግን በዋናነት የሚያመለክተው ወደ ሥራው አደረጃጀት ነው።

በርንአውት የሚባለውን ይህን ዝለት እ.ኤ.አ. በ1974 በጽሑፍ ያስተዋወቀው፣ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ ያገለግል የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ደግሞ በ1981 መለኪያ አወጡለት። በእነሱ መለኪያ ዝለቱ ሦስት መልክ አለው። አንዱ ስሜት ተሟጦ ማለቁ ነው። ሌላው ከሕመምተኛው መራቅ ነው፤ ሰውየው ስሙ ይጠፋና «አልጋ ሰባት» ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው «ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ምን ፈየደ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ጉዳዩን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ ዕትም ሲያካትተው በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመነጭ ክስተት ብሎታል። ይህ አገላለጽ ጥያቄውን ከነርሷ አንስቶ ወደ አሠሪዋ ያዞረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። መጠይቅ ሲበተን ወጣት ነርሶች ከአንጋፋዎቹ የበለጠ ዝለት ያሳዩባቸው ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ከዚህ ተነስቶ «አንጋፋዎቹ ለምደውታል» የሚል አይጠፋም። መጠይቁ የሚደርሰው ግን አሁንም ሥራ ላይ ላሉት ብቻ ነው። በአርባ ዓመታቸው ለቀው የሄዱት፣ ወደ ቢሮ የተዛወሩት፣ ሙያውን ትተው ንግድ የጀመሩት በቁጥሩ ውስጥ የሉም። የቀሩት የጠነከሩት ናቸው፤ የእነሱ መቆየት ሥራው ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ክርክሩን ወደ ቁጥር ያመጣው ሊንዳ ኤከንና ባልደረቦቿ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ሥራ ነው። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ፣ የነርሷ የመዛል ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለቱ አኃዞች ጎን ለጎን ሲነበቡ፣ ነርሷን የሚያዝለውና ሕመምተኛውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ያው አንድ ነገር እንደሆነ ይታያል።

በእኛ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች የነርስ እጥረቱ ጎልቶ እንዳይታይ የሚሸፍኑት አስታማሚዎች ናቸው። ሕመምተኛውን ማጠብ፣ ማብላት፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ የጠፋ መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ማምጣት የቤተሰብ ሥራ ሆኗል። ሲስተሯ ከሕመምተኞቿ ሌላ የአስታማሚውን ጭንቀትና ቁጣም ታስተናግዳለች። መድኃኒት ስለጠፋ፣ ሐኪም ስለዘገየ፣ አልጋ ስላልተገኘ የሚነሳው ቁጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ዋርዱ ውስጥ የምትገኘው እሷ ናትና።

የአንጋፋዋ ሸክም ከሌላው የሚለየው እውቀቷ ራሱ ተጨማሪ ሥራ ስለሚያመጣባት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቅማጥና ትውከት ያደረቀው ሕፃን ሲገባ፣ ወጣቶቹ ነርሶች ደም ሥሩን ፈልገው ሲያጡ እሷን ይጠራሉ። መብራቱን ታስጠጋለች፤ የእጁን ጀርባ፣ እግሩን፣ ጭንቅላቱን በጣቷ ጫፍ ትዳስሳለች፤ ካኑላውን አስገብታ በፕላስተር ታስረዋለች። ይህ ብልሃት በብዙ ሌሊት የተገኘ ነው፤ መማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አይሰጠውም። እዚያ ቆማ ሳለ ግን የራሷ ሕመምተኞች እየጠበቋት ነው። ለወጣቶቹ ያሳየችበት ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ የለም፤ ክፍያም የለውም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ መነጽር ትፈልጋለች፤ ማንሻ መሣሪያ በሌለበት ሕመምተኛን ከአልጋ ወደ ስትሬቸር የምታዛውረው በወገቧ ነው። የናይት ተራው ጉዳት ደግሞ የእንቅልፍ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃ ሥራን እ.ኤ.አ. በ2007 «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ብሎ መድቦት፣ በ2019 እንደገና አጽንቶታል።

ከአካል ድካሙ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሪው ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች ሲጽፍ፣ ትክክለኛው ተግባር የቱ እንደሆነ እያወቁ ተቋሙ ስለማያስችል አለመፈጸም የሚያመጣውን የኅሊና ጭንቀት ለይቶ አሳይቷል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው እንደሚቆስል ሲስተሯ ጠንቅቃ ታውቃለች። ዋርዱ ሞልቶ፣ ተረኛዋ አንድ ብቻ ስትሆን ያ አይሆንም። ጀማሪዋ ላታስተውለው ትችላለች፤ አንጋፋዋ ግን ቁስሉ ሳይጀምር ይታያታል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ እያዩ መሥራት እንደ ቀላል ነገር መታለፉ ያሳዝነኛል።

በዚህ ሁሉ መሐል ምስጋና አላነሰም። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ነርስነት ተምረው ከተመለሱ ወዲህ፣ በስማቸውም ሆስፒታል ከተሰየመ ወዲህ፣ ነርስነት በአገራችን የርኅራኄ ሙያ ተብሎ ሲወደስ ኖሯል። ውዳሴው ተገቢ ነው፤ ግን የሰው ኃይልንም የዲውቲ ክፍያንም ሊተካ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ጥያቄ አደባባይ ወጣ፤ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ ስለ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ያነሱት ጥያቄ እስከ ከፊል ሥራ ማቆም ደረሰ። በዲፕሎማ ገብታ ዕድሜዋን ሙሉ አልጋ ዳር የሠራች ነርስ፣ ራሷ ያሠለጠነቻት ባለ ዲግሪ በደረጃም በደመወዝም ስትቀድማት ታያለች። ልምድ በደመወዝ እርከን ላይ ካልታየ፣ «ምን ፈየደ?» የሚለው ጥያቄ በየወሩ ከደመወዙ ጋር ይመጣል።

ባሕር የተሻገሩትም አላመለጡም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የአረጋውያን መጦሪያዎች በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች አሉ። በዲቪ ዕድሜዋ ሃምሳ ሲቃረብ የገባች ሴት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋታል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት ሙሉ ጡረታ የሚከፈለው በ67 ዓመት ነው። አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ አለ። ስለዚህ አካሏ በቃኝ ሲል እሷ ደብል ትገባለች።

ችግሩ መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይቻልም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንዲት ነርስ ልትይዝ የምትችለውን የሕመምተኛ ቁጥር በሕግ ገድባለች። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ በ2016 በተመረጡ ሆስፒታሎች ለቀን አንድ ለአራት፣ ለሌሊት አንድ ለሰባት ደነገገች። በ2021 ላንሴት ላይ የወጣው ጥናት ከዚያ በኋላ ሞትም፣ ተመልሶ ሆስፒታል መተኛትም፣ የቆይታ ጊዜም ከሌሎቹ ሆስፒታሎች አንጻር መሻሻሉን፣ የተቆጠበውም ገንዘብ ለተጨማሪ ነርሶች ከወጣው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር ከዚህ ቁጥር ጋር መፋጠጥ አለበት።

ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የማያስፈልጋቸውም አሉ። ሃምሳን ላለፉ ነርሶች የናይት ተራን መቀነስ፣ ማንሻ መሣሪያ በየዋርዱ ማኖር፣ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑበትን ሰዓት በፕሮግራም ላይ ጽፎ በዚያ ሰዓት የሚይዙትን ሕመምተኛ ማሳነስ በሆስፒታል አስተዳደር ደረጃ ሊወሰኑ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ነርሶች 17 በመቶው በ10 ዓመት ውስጥ ጡረታ እንደሚወጡ ገምቶ ነበር፤ የዚያ ጊዜ እኩሌታ አልፏል። በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ስለሆነ፣ ዛሬ 55 የሞላት ሲስተር የምታውቀውን ለማስተላለፍ የቀራት አምስት ዓመት ነው፤ ያውም እስከዚያ ሥራው ላይ ከቆየች።