የግላዲያተር መስተዋት

ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከአገዳ ተሠርቶ ከፀሐይ የሚያስጠልል ዳስ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ጠረፍ 70 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቆ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው ኡም ራኩባ ይህንኑ ቃል በስሙ ይዟል፤ በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን፥ ኋላም ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደደ ብዙ ሕዝብ በዚያ ተጠልሏል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን፥ ከዚያው ወደ ጠረፉ በኩል፥ በገላባትና በመተማ ሰማይ ላይ ሁለት ዐይነት ተዋጊ አይሮፕላኖች ተጋጥመው ነበር፤ የአንደኛው አብራሪ በመስተዋት ተጠልሎ ሲቀመጥ፥ የሁለተኛው ራሱን ለነፋስ ሰጥቶ ይበር ነበር።

የኢጣልያ ጦር ገላባትን የያዘው ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው። ኋላ ፊልድ ማርሻል ለመሆን የበቃው ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. 10ኛውን የሕንድ እግረኛ ብርጌድ አሰልፎ ምሽጉን አስለቀቀ፤ መተማን ለመያዝ ግን አልቻለም። ለዚህ አንደኛው ታላቅ ምክንያት በአየር ላይ የሆነው ነገር ነበረ። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪቃ ግላዲያተሮች ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በመነሣታቸው፥ በቁጥር የበለጧቸው የኢጣልያ ፊያት ሲ አር 42 አይሮፕላኖች በርካቶቹን ጣሉ። ከዚያም በኋላ ቦምብ ጣዮቹ በምሽጉ ላይ ተመላለሱበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ጥር 12 ቀን ነው።

ሁለቱም አይሮፕላኖች ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ፥ በሞተራቸውም ጉልበት ተቀራራቢ ነበሩ። ይሁን እንጂ ግላዲያተር በእንግሊዝ አየር ኀይል ውስጥ የአብራሪው መቀመጫ በመስተዋት የተዘጋበት የመጀመሪያው ተዋጊ ሲሆን፥ ሲ አር 42 ከፊቱ ካለው ትንሽ የነፋስ መከላከያ በቀር ምንም አልነበረውም። መስተዋቱ እንግዲህ ከነፋስ እንጂ ከጥይት አላዳነም፤ የገላባት ውጊያ ይህን አሳይቷል።

ይህን አይሮፕላን በትንሹ ለመሥራት የሚነሣ ሰው፥ ከሥራው ሁሉ የሚፈራው ያንኑ መስተዋት መግጠም ነው። ከእውነተኛው 72 እጅ አንሶ ሲሠራ የግላዲያተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ መስተዋቱም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥ። አካሉ ላይ ስሕተት ቢገኝ በስቱኮ ተሞልቶ፥ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፥ በቀለም ይሸፈናል። መስተዋት ላይ የወደቀ ጭረት ወይም የሙጫ ጠብታ ግን መሸሸጊያ የለውም።

ስለዚህ ዐዋቂ ሠሪ ሙጫውን ከመክፈቱ በፊት መስተዋቱን በደረቁ ደጋግሞ ይለካል። ሳይገጥም ሲቀር የሚፋቀው የአካሉ ከንፈር ነው፤ መስተዋቱ ከተነካም በመጨረሻ፥ በጥቂቱ ብቻ ነው። ሉክ ፕላስቲክ አሙቆ በእንጨት ቅርጽ ላይ በመወጠር መስተዋቱን ራሱ የሚያበጅ ሰው ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊ ያስባል፤ አስፍቶ ቈርጦ በምላጭ ቀስ በቀስ ያጠባል እንጂ ከመጀመሪያው በልኩ አይቈርጥም። አንድ ጊዜ ያጠረ ጨርቅ በምንም አይረዝምምና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሙጫው ምርጫ ነው። ሱፐር ግሉ በቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት በተዘጋው መስተዋት ላይ ተጣብቆ እንደ ጉም ነጭ ያደርገዋል። የብዙ ሳምንት ድካም በአንድ ሌሊት የሚበላሸው በዚህ ነው፤ ችኰላው ያተረፈው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ ግን ምንም እንኳ ቢዘገይና ጉልበቱ ቢያንስ፥ ሲደርቅ ይጠራል፤ የተረፈውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በመስተዋቱና በአካሉ መካከል የቀረውን ቀጭን ክፍተትም ይኸው ኮላ ይሞላዋል።

ከመዝጋቱ በፊት የውስጡ ቀለም መድረቁን፥ ትቢያም አለመቅረቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ በኋላ የሚገባ ጣት የለም። በግላዲያተር ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የላይኛው ክንፍ ከፊት መስተዋቱ በላይ ስለሚያልፍ፥ ክንፉ አስቀድሞ ከተተከለ እጅ እንደ ልብ አይደርስም። መስተዋቱን ወደ ኋላ ተንሸራትቶ እንደ ተከፈተ ለማሳየት የፈለገም፥ በሳጥን የሚመጣው ፕላስቲክ ወፍራም በመሆኑ በአካሉ ጀርባ ላይ አልቀመጥ ይለዋል፤ ለዚህ ቀጭኑ፥ በሙቀት የተወጠረው ይሻላል። የብረት ክፈፎቹ ቀለም የሚቀባው ጥርት ያለው ክፍል በወረቀት ፕላስተር ከተሸፈነ በኋላ ነው፤ ፕላስተሩም የሚነሣው ቀለሙ ፈጽሞ ሳይጠነክር፥ በዝግታ ነው።

ሲ አር 42ን ከጎኑ ለማቆም የሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ያርፋል። ለእርሱ አንዲት ቁራጭ የፊት መስተዋት ትበቃዋለች።