መልኩና ግብሩ
ለተድላ ሥጋ የተሠራው ቫይብሬተር በከንፈር ቀለም ወይም በጥንቸል አምሳል ተቀርጾ፣ ሐር በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ሲታይ ዓይንን የሚማርክ ቢሆንም፣ ግብሩ ከመልኩ ጋር መስማማቱ የሚታወቀው በውስጡ ባለችው ትንሽ ሞተር ነው። የንዝረቱ ምሥጢር በሞተሩ ዘንግ ላይ ወደ አንድ ወገን አጋድሎ የተተከለው ክብደት ሲሆን፣ ይህ ክብደት አነስተኛ ሆኖ በፍጥነት ብቻ የሚሽከረከር እንደ ሆነ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ቆዳን ያደነዝዛል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከበድ ያለው ግን ዝግ ብሎ እየዞረ ኃይሉን እስከ ጡንቻ ያደርሳል። ስለዚህ ገዢው አስነሥቶ በመዳፉ ጨብጦ ይመርምረው፤ ከጫፉ ይልቅ እጀታው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኃይሉ በከንቱ ባክኗል። በ1968 እ.ኤ.አ. ሂታቺ የተባለው ኩባንያ ያወጣው «ማጂክ ዋንድ» ማይክሮፎን የመሰለ፣ ጌጥ የሌለው ዕቃ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሚፈለገው ስለ ሞተሩ ብርታት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ልባሱ ነው። ጥሩ ሲሊኮን ፈሳሽ የማያሰርግ ስለ ሆነ በሳሙናና በውሃ ይነጻል፤ ርካሹ ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ተሐዋስያን የሚሸሸጉበት ረቂቅ ቀዳዳ ሊኖረው፣ ማለስለሻው ፍታሌትም ወደ ሰውነት ሊሰርግ ይችላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይኤስኦ 3533 የእነዚህን ዕቃዎች ንድፍና ደኅንነት ይመለከታል፤ ሻጩ ልባሱ ከምን እንደ ተሠራ መናገር ካልቻለ፣ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር እኔ አልገዛውም።