በከዋክብት ሥር መብራት ሲበራ

የሌሊት ሰማይን ፎቶ ማንሳት እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። ደህና ካሜራና ትራይፖድ ያለው ሰው፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከከተማ መብራት ከራቀ፣ ፍኖተ ሐሊብን አስቀርቶ ይመለሳል። የሚያስቸግረው ከሰማዩ በታች ያለው ነው። ከላይ ከዋክብቱ ተንቆጥቁጠው ሳለ ዛፉም፣ ዐለቱም፣ ጎጆውም ድፍን ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ባትሪውን ያበራል። ብዙው ፎቶ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ይበዛና ዛፉ ነጭ ሆኖ ከሰማዩ ይነጠላል፤ የማይተዋወቁ ሁለት ፎቶዎች አንድ ላይ የተለጠፉ ይመስላል። በዚህ ሙያ ትልቁ ችሎታ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ብርሃን መቆጠብ ነው።

ምክንያቱ ካሜራው የሚሠራበት መንገድ ነው። የኮከብ ብርሃን ደካማ ስለሆነ ሸተሩ ለብዙ ሰከንዶች ተከፍቶ ይቆያል። በ1850 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ዊልያም ቦንድና ጆን ዊፕል ቬጋ የተባለችውን ኮከብ በፎቶ ሲያስቀሩ 100 ሰከንድ ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ያውም በትልቅ ቴሌስኮፕ። ዛሬ 20 ሚሊ ሜትር ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ፣ አፐርቸሩ 2.8፣ አይኤስኦው 3200 ላይ ሆኖ፣ በ20 ሰከንድ ከዓይናችን የበለጠ ኮከብ ይቆጥራል። ከዚያ ብዙ ከቆየ ግን ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ መስመር ይሆናሉ፤ ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና። እንግዲህ ለ20 ሰከንድ ብርሃን እየሰበሰበ ከሚጠብቅ ካሜራ ፊት ተራ የእጅ ባትሪ ማብራት ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

በሰሜን ተራሮች፣ ግጭ አካባቢ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚገኘውን ጅብራ የተባለ ተክል እንውሰድ። ዝም ብሎ የቆመን ሰው «እንደ ጅብራ ተገትሯል» የምንለው ያለ ነገር አይደለም፤ ነፋስ እስካልተነሳ ድረስ ለሃያ ሰከንድ ንቅንቅ አይልም። በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ለዓመታት ሹል ሹል ቅጠሎቹን ዘርግቶ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ሲያብብ የሚያወጣው ዘንግ ከሰው ቁመት በጣም ስለሚበልጥ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ለተከለ ሰው ከበስተኋላው የሚቀረው ሰማይ ብቻ ነው።

ጅብራውን ለማብራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ሸተሩ ተከፍቶ ሳለ ባትሪ ይዞ እንደ ቀለም ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ማንቀሳቀስ ነው። በብርሃን መቀባት ይሉታል። ከዚሁ ጋር የሚዛመደው በብርሃን መሣል የቆየ ታሪክ አለው፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ፒካሶ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ መብራት ይዞ አየር ላይ ሲሥል ፎቶ አንሺው ጆን ሚሊ አስቀርቶታል። ለተክልና ለዐለት ግን በብርሃን መቀባትን ብዙም አልወደውም። እጅ አንዱን ቦታ አዘግይቶ ሌላውን ያልፈዋል፤ የተሳካውንም መድገም አይቻልም። ሁለተኛው መንገድ፣ ብርሃኑ እስከ መጨረሻው የተቀነሰ ትንሽ ኤልኢዲ መብራት ራቅ አድርጎ ተክሎ መተው ነው።

«ራቅ አድርጎ» ያልኩት በምክንያት ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ሁለት ጅብራዎች አንዱ ከመብራቱ በ2፣ ሌላው በ4 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑ የቅርቡ አራት እጥፍ ያገኛል፤ እሱ ሲነድ ሌላው ይጨልማል። መብራቱ ወደ ኋላ ተወስዶ አንዱ በ20፣ ሌላው በ22 ሜትር ላይ እንዲሆኑ ቢደረግ ግን የቅርቡ ብልጫ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። አቅጣጫውም ከካሜራው በኩል መሆን የለበትም። ከካሜራው በኩል የመጣ ብርሃን ጥላውን ሁሉ ከጅብራው ጀርባ ይደብቅና ተክሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ከግራ ወይም ከቀኝ ሲመጣ ግን የአንዱ ቅጠል ጥላ በሌላው ላይ ያርፋል፤ የዘንጉ ሸካራነትም ይታያል።

የብርሃኑን መጠን ለማወቅ ዓይን ጥሩ መሣሪያ ነው። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ጨለማ ለምዶ ከቆየ በኋላ መብራቱ ሲበራ ጅብራው በጭንቅ ብቻ መታየት አለበት። ወለል ብሎ ከታየ በዝቷል። ነጩ ኤልኢዲ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላም ብርቱካናማ ፕላስቲክ ቢሸፈንበት ተክሉ የበረዶ መልክ አይዝም።

ስለ ሰማዩ ስናወራ አገራችን ታድላለች። የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ እምብርት በአቅራብና በቀውስ መካከል ነው። ለንደን ላይ ቢበዛ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ብቅ ይላል፤ ሰሜን ተራሮች ላይ ግን 48 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ እዚያ ከጅብራው አናት በላይ ማቆም ይቻላል። በየካቲት ከንጋት በፊት ይታያል፤ በሚያዝያ ከሌሊቱ 9 እስከ 10 ሰዓት ግድም ከፍ ይላል። በሐምሌ ከእኩለ ሌሊት በፊት ከፍ ቢልም ክረምቱ ይጋርደዋል። በጥቅምት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ፣ እንደ መሸ በደቡብ ምዕራብ በኩል ለሁለት ሰዓት ያህል ይገኛል። ለጀማሪ የምመክረው ጥቅምትን ነው፤ ማልዶ መነሳት የለም።

ሰማዩንና መሬቱን ትራይፖዱ ሳይነቃነቅ ለየብቻ አንስቶ በኮምፒውተር ማዋሃድ ለእኔ ነውር አይደለም። የሌላ አገር ሰማይ አምጥቶ ጅብራ ላይ መለጠፍ ግን ውሸት ነው፤ ተመልካቹ ያላየነውን እንዳየን አድርጎ ይቀበለናልና።

መብራቱ የሚያስቸግረው ፎቶውን ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ዩታ ግዛት በሚገኙት አርቸስና ካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርኮች ለፎቶ ብሎ ዐለት ላይ መብራት ማብራት የተከለከለ ነው። በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው። ስለዚህ እንዳይረበሹ መብራት ከመተከሉ በፊት የትኛው ገደል ማደሪያቸው እንደሆነ አብሮ የሚሄደውን ስካውት መጠየቅ፣ መብራቱንም ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ መትከል፣ ሸተሩ እንደ ተዘጋም ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል።